አጠገብዎ ያለው ወንበር ለምን ባዶ ቀረ? በፊንላንድ አውቶቡስ፣ ባቡርና ሳውና ውስጥ ስለ መቀመጥ

ውድ አዘጋጆች፣

የምኖረው ቫንታ ነው። የነርስ ረዳትነት ትምህርት ላይ ስለሆንኩ በየቀኑ አውቶቡስና ባቡር እሳፈራለሁ። ፊንላንድኛውን ክፍል ውስጥ እንደምንም እለዋለሁ፣ መንገድ ላይ ግን ይጠፋብኛል። ባለፈው ሰሞን ግማሹ ባዶ በሆነ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አጠገብ ተቀምጬ ፈገግ ብዬ ሰላም አልኳቸው። የሚቀጥለው ፌርማታ ሳይደርስ ተነስተው ሌላ ቦታ ሄዱ። ሌላ ቀን ለአንዲት ባልቴት ተነሳሁላቸው። «አይ» ሲሉኝ እንደ ባህላችን ክንዳቸውን ይዤ ላስቀምጣቸው ብል ተቆጡ። ወደ ታምፔሬ ስሄድ ደግሞ በቁጥሬ ላይ ሰው ተቀምጦ አገኘሁ፤ የምለው ጠፍቶኝ በሩ ጋ ቆሜ ደረስኩ። ብዙ ጊዜ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን ነው የሚሄደው። ከቆዳዬ ቀለም ይሆን? አሁን የክፍል ጓደኞቼ ዋና ቤት ሄደን ሳውና እንግባ ብለውኛል። እዚያስ እንዴት ነው የሚቀመጠው?

ቆማ የደረሰችው፣ ከቫንታ

ውድ ጠያቂያችን፣

ሴትዮዋ ለምን እንደተነሱ ልባቸውን ከፍተን ማየት አንችልም። ነገር ግን ግማሹ ባዶ በሆነ አውቶቡስ ውስጥ ሰው አጠገብ ሄዶ መቀመጥ ፊንላንድ ውስጥ የሚያስደነግጥ ነገር ነው፤ መጥቶ የተቀመጠው ፊንላንዳዊ ቢሆንም ያው ነው። ሰው መጥቶ አጠገቡ ቁጭ ያለበት ፊንላንዳዊ መጀመሪያ የሚያስበው «ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ ነው። ተነስቶ ሌላ ባዶ ቦታ ሲይዝ ደግሞ ለሁለታችሁም ቦታ እንዳሰፋ እንጂ እንደሰደበ አይቆጥረውም። እኛ ታክሲ ውስጥ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እየተባልን ስላደግን መጠጋጋት ምንም አይመስለንም፤ እንዲያውም ሰው ሲሸሸን ይከፋናል። እዚያ አገር አክብሮት የሚታየው ቦታ በመተው ነው። ጥያቄ ካለም አጭር ይሆናል፣ አንዴ ይጠየቃል፣ የመጣው መልስ እንዳለ ይወሰዳል። የጻፉልን ችግሮች በሙሉ የተነሱት ከእነዚህ ከአንዱ ወይም ከሌላው ነው።

አውቶቡስ ወይም ትራም ሲገቡ መጀመሪያ የሚፈለገው ሁለቱም ወንበር ባዶ የሆነበት ጥንድ ነው። ካገኙ ወደ መስኮቱ ይግቡ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እርስዎን ሳያስነሳ በመተላለፊያው በኩል ይቀመጣል። ባዶ ጥንድ ከሌለ ፊት ለፊት የሚተያዩትን አራት መቀመጫዎች ይዩ፤ ባቡርና ሜትሮ ውስጥ ብዙ ናቸው። አንድ ሰው ብቻ ካለባቸው ከአጠገቡም ከፊት ለፊቱም ሳይሆን በሰያፍ ይቀመጡ። ጉልበት ከጉልበት አይጋጭም፣ ዓይን ለዓይንም መፋጠጥ አይኖርም። ሦስተኛው ሰው ሲመጣ የግድ ይጠጋል፤ ያኔ ማንም አይገረምም። ሰው አጠገብ የሚቀመጡት ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው። አንዳንዱማ እስከዚያም አይደርስም፤ ሁለት ሦስት ፌርማታ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ወንበር ሞልቶ ተርፎ በሩ አጠገብ ተገትሮ ይሄዳል። እሱንም «ና ተቀመጥ» አይበሉት።

ሰው አጠገብ መቀመጥ ግድ ሲሆን የሚባለው ይህ ነው፦ «አንቴኤክሲ፣ ኦንኮ ታማ ፓይካ ቫፓአ?» ይቅርታ፣ ይህ ቦታ ነፃ ነው? ማለት ነው። ለማሳጠር «ኦንኮ ታሳ ቫፓአታ?» ይበቃል። «ሳአኮ ታሃን ኢስቱዋ?»፣ እዚህ መቀመጥ ይቻላል?፣ የሚለውም ያስኬዳል። ቦታው በግልጽ ባዶ ከሆነና ዕቃም ከሌለበት ሄልሲንኪና አካባቢዋ ብዙው ሰው ምንም ሳይል ራሱን በትንሹ ነቅንቆ ብቻ ይቀመጣል። ስለዚህ ቃሉ ድንገት ቢጠፋብዎ ነውር አልሠሩም።

መልሱን መስማት ላይ ግን ይጠንቀቁ። ፊንላንዶች «አዎ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የጥያቄውን ግስ መልሰው ይሉታል። «ኦንኮ» ብለው ጠይቀው «ኦን» ካሉዎት አዎ፣ ነፃ ነው፤ ይቀመጡ። «ዮኦ» ቢሉም ያው ነው። «ኤይ ኦሌ» ወይም «ታማ ኦን ቫራቱ» ካሉ ተይዟል። አዲስ ሰው የሚስተው «ኦንኮ ታማ ቫራቱ?»፣ ተይዟል?፣ ብሎ ሲጠይቅ ነው። ያኔ «ኦን» ማለት አዎ፣ ተይዟል ይሆናል፤ ጠያቂው ግን «ኦን» ሲባል ሰምቶ እንደለመደው ዘፍ ይላል፣ ባለቦታውም ዓይኑን ያፈጣል። ሁልጊዜ በ«ቫፓአ» ይጠይቁ፣ ከዚህ ጣጣ ይድናሉ።

በፊደላችን ስንጽፈው የሚጠፋ ነገር ስላለ አነባበቡ ላይ ትንሽ እንቆይ። ፊንላንድኛ እንደ አማርኛ ይጠብቃል፣ ይላላል። የገናን በዓል «ገና ነው» ከሚለው የምንለይበት ጆሮ እዚያም ይሠራል፦ «ፓይካ» ላይ «ካ»ን፣ «ታሳ» ላይ «ሳ»ን፣ «ቫራቱ» ላይ «ቱ»ን ያጥብቁ። በእንግሊዝኛ ያደገ ሰው በዚህ ይሠቃያል፤ እርስዎ ግን ይዘውት ነው የመጡት። እኛን የሚያስቸግረን የአናባቢው ርዝመት ነው። «ቫፓአ» ብለን በሁለት ፊደል የጨረስነው በአንድ ትንፋሽ የሚጎተት አንድ ረጅም «አ» ነው፤ መሃሉ አይቆረጥም። ርዝመቱ ቀልድ አይደለም። «ታፓአን» እገናኛለሁ ነው፣ «ታፓን» ግን እገድላለሁ ነው። «ታማ» እና «ታሳ» ውስጥ ያለው «አ» አፍን ወደ ጎን ከፈት አድርጎ ወደ «ኤ» የሚያዘነብል ነው። ኋላ በሚመጣው «ኩላ» ላይ ያለው «ኩ» ደግሞ ከንፈርን ለ«ኡ» አሞጥሙጠው ውስጡን «ኢ» ሲሉ ይወጣል። ክብደቱ ምንጊዜም የቃሉ መጀመሪያ ላይ ይወድቃል። ሲጠይቁም መጨረሻው ላይ ድምፅዎን ከፍ አያድርጉ፤ ጥያቄ መሆኑን «ኮ» የምትለዋ ቅጥያ ጨርሳ ተናግራለች።

ወንበሩ ላይ ቦርሳ ካለስ? ቦርሳውን ሳይሆን ወንበሩን እያዩ ያንኑ «አንቴኤክሲ፣ ኦንኮ ታማ ቫፓአ?» ይበሉ። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ «ዮኦ፣ ኦን» እያለ ቦርሳውን ጭኑ ላይ ያደርገዋል፤ ጉዳዩ አለቀ። ማዳመጫ ጆሮው ላይ ከሆነ ሊያይ በሚችልበት በኩል እጅዎን በትንሹ ከፍ ያድርጉ እንጂ ትከሻውን አይንኩ። ቦርሳውን በገዛ እጅ አንስቶ መቀመጥ ግን አይሞከርም። ነገሩ ያልገባው ከሆነ «ቮይሲትኮ ሲኢርታአ ላውኩዋ?»፣ ቦርሳውን ዞር ልታደርገው ትችል ይሆን?፣ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ፊንላንድኛ «እባክዎ» የሚል ራሱን የቻለ ቃል የለውም፤ ልመናው የሚገባው ግሱ ሆድ ውስጥ ነው። «ቮይትኮ» ትችላለህ ወይ ሲሆን «ቮይሲትኮ» ትችል ይሆን ይሆናል። «ሳአንኮ» አገኛለሁ ወይ ሲሆን «ሳይሲንኮ» ባገኝ፣ ቢፈቀድልኝ ይሆናል። መሃል የምትሰካዋ «ኢሲ» ናት የ«እባክዎ»ን ሥራ የምትሠራው። ስለዚህ ፊንላንዳዊ እባክሽ ሳይል ቢያናግርዎ ትእዛዝ አድርገው አይውሰዱት። ካፌ ውስጥም «ካህቪ፣ ኪኢቶስ» ብሎ ቡና የሚያዝ ሰው ጨዋ ነው፣ ሌላ ማባበያ አይጠበቅበትም።

ለመውረድ አብዛኛውን ጊዜ አፍ መክፈትም አያስፈልግም። በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ከሆነ ፌርማታዎ ከመድረሱ በፊት ጓንትዎን ያጥልቁ፣ የጃኬትዎን ዚፕ ይዝጉ፣ ቦርሳዎን ከእግርዎ ሥር አንስተው ጭንዎ ላይ ያድርጉ። በመተላለፊያው በኩል ያለው ሰው ይህን አይቶ እግሩን ይሰበስባል ወይም ይነሳል። ሰው ሁሉ በዚህ ምልክት ነው የሚግባባው፤ ስለዚህ እርስዎም ያንብቡት። አጠገብዎ ያለው ሰው ዚፑን ሲዘጋና መስኮቱን ትቶ ወደፊት ሲያይ ሊወርድ ነው። በጋ ላይ ጉልበትን ወደ መተላለፊያው ማዞር ይበቃል፤ ክረምት ላይ ግን በዚያ ሁሉ ወፍራም ልብስ መሃል ስለማያልፍ ብድግ ብለው ቢያሳልፉት ይሻላል። ያልተረዳዎት ከሆነ «አንቴኤክሲ፣ ያአን ታሳ ፖይስ»፣ እዚህ ወራጅ ነኝ፣ ወይም «ፓአሲሲንኮ ኦሂ?»፣ ማለፍ እችል ይሆን?፣ ይበሉ። ይህ ለጎረቤትዎ የሚባል ነው። ለሹፌሩ «ወራጅ አለ» ብሎ መጮኽ የለም፤ የማቆሚያውን ቁልፍ ይጫኑ። ቆመው በሚሄዱበት ጊዜ ጀርባ ላይ የሚታዘለውን ቦርሳ አውርደው በእጅ ይያዙት፤ ዞር ባሉ ቁጥር የሚመታው የተቀመጠ ሰው ፊት ነው።

ወደ ባልቴቷ እንምጣ። መነሳትዎ ትክክል ነበር፤ የተበላሸው ሁለተኛው እርምጃ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው «አይ» ይሉኝታ ነው፤ ደጋግሞ ያልለመነ ጋባዥም ከልቡ አይደለም ይባላል። ፊንላንዳዊ «ኤይ ኪኢቶስ» ካለ ግን አይ ማለቱ ነው። ሲደጋገምበት «አልሰማኝም» ይላል፤ ክንዱ ሲያዝ ደግሞ «አቅመ ቢስ አደረገኝ» ብሎ ይቆጣል፤ በዚያ ላይ የማያውቁትን ሰው መንካት ራሱ ለብቻው ከባድ ነገር ነው። ብዙ አረጋውያን በራሳቸው እግር መቆማቸውን ክብር አድርገው ያዩታል። «ያክሳን ኩላ ሴይስታ» ቢሉዎት መቆም አያቅተኝም ማለታቸው ነው፣ በኩራት።

ስለዚህ ከወንበሩ ብድግ ይበሉና አንድ ጊዜ ብቻ «ሃሉዋቴኮ ኢስቱዋ?»፣ መቀመጥ ይፈልጋሉ?፣ ይበሉ። እምቢ ካሉ «ሴልቫ» ብለው፣ እሺ እንደማለት ነው፣ ተመልሰው ይቀመጡ፤ መልሶ መቀመጥ አያሳፍርም። ከዚህም የሚቀል፣ እኛም የምንመርጠው፣ ሌላ መንገድ አለ። ምንም ሳይናገሩ ተነስተው እንደሚወርድ ሰው ወደ በሩ ይሂዱ። ወንበሩ ባዶ ሆነ፣ ማንም ለማንም ውለታ አልዋለም፤ ሽማግሌውም ደስ ካላቸው ይቀመጣሉ።

«ሃሉዋቴኮ» ያልነው የእርስዎታ አነጋገር ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤትና ሥራ ቦታ አለቃውም ሳይቀር «ሲና»፣ አንተ ወይም አንቺ፣ ይባላል፤ በዚህ አይሸማቀቁ። በዕድሜ ለገፋ ለማያውቁት ሰው ግን «ቴ» አሁንም ደስ ይላል፣ በተለይ ወደፊት በሚሠሩበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ። እማማ፣ እናቴ የምንለውን ግን ወደ ፊንላንድኛ አይውሰዱት። የማያውቋቸውን አሮጊት «ሙሞ» ብሎ መጥራት አሮጊት ብሎ ፊት ለፊት እንደመናገር ነው።

የተገላቢጦሹም ይመጣል። ቢያምዎ ወይም ነፍሰ ጡር ቢሆኑ ማንም ላይነሳልዎ ይችላል፤ ክፋት ሳይሆን ተሳስቼ ባስቀይምስ የሚል ፍርሃት ነው። ነፍሰ ጡር ናት ብሎ ተነስቶ ባትሆንስ? ከፊት ያሉት ምልክት የተለጠፈባቸው መቀመጫዎች ለእንዲህ ያለው ሰው ናቸውና ሄደው «ሳይሲንኮ ኢስቱዋ?»፣ ልቀመጥ ይፈቀድልኝ ይሆን?፣ ይበሉ። በቃል ለጠየቀ ወዲያው ይነሳሉ። ምክንያት ማብራራት አይጠበቅብዎትም፤ ልጨምር ካሉ «ኦሌን ራስካአና»፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ነው።

ታምፔሬ ድረስ መቆምዎ ግን በጣም ያሳዝናል፣ የከፈሉበት ወንበር ነበርና። ቫንታ ካለው የቲኩሪላ ጣቢያ ወደ ሄልሲንኪ ወይም ወደ አየር ማረፊያው የሚወስዱት የቅርብ ባቡሮች የወንበር ቁጥር አይሰጡም፤ ቀድሞ የተቀመጠ ተቀመጠ ነው። የረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ ግን ትኬትዎ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፦ «ቫውኑ» ፉርጎው፣ «ፓይካ» መቀመጫው። ጠብ የሚመስለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መቀመጫው ልክ ሆኖ ፉርጎው ሲሳሳት ነው፤ ያው ቁጥር በየፉርጎው አለና። ስለዚህ ሰው ከማናገርዎ በፊት የራስዎን ያጣሩ። በሩ አጠገብ የተጻፈውን የፉርጎ ቁጥር ይመልከቱ፣ ካልታየዎት ማንንም «ሚካ ቫውኑ ታማ ኦን?»፣ ይህ ስንተኛው ፉርጎ ነው?፣ ብለው ይጠይቁ።

ልክ ከሆኑ የሚሉት ይህ ነው፦ «አንቴኤክሲ፣ ሚኑላ ታይታአ ኦላ ታማ ፓይካ።» ይቅርታ፣ ይህ ቦታ የኔ ሳይሆን አይቀርም። ቁልፉ «ታይታአ» ነው። መቶ በመቶ እርግጠኛ ቢሆኑም ይጨምሩት፤ ለተቀመጠው ሰው ሳያፍር የሚነሳበት በር ይከፍትለታል። ስልክዎን ትኬቱ ላይ ከፍተው ይያዙ። ሰውየው ብዙ ጊዜ «ኦሆ፣ አንቴኤክሲ» ብሎ ወዲያው ይነሳል። እሱም የኔ ነው ካለ አይከራከሩ፣ ትኬቶቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ መጀመሪያ ፉርጎውን፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ ከዚያም የባቡሩን ቁጥር ያስተያዩ። ከሦስቱ አንዱ ላይ ልዩነቱ ይወጣል። ካልወጣ ትኬት ተቆጣጣሪው ይፈታዋል፤ «ኮንዱክቶኦሪ» ይባላል። ከሌላ ተሳፋሪ ጋር ድምፅ ከፍ አድርጎ መከራከር ግን ባለመብት ቢሆኑም ሰውን ሁሉ በእርስዎ ላይ ያዞራል።

የራስዎን ትተው ባዶ ያገኙት ላይ ቢቀመጡም የሚከለክል የለም፣ ግን ባዶ ወንበር እስከ ታምፔሬ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ሪሂማኪ ወይም ሃሜንሊና ላይ ባለቤቱ ሊሳፈር ይችላል። ሲመጣ «ኦሆ» ብሎ መነሳት ነው። ሁለት ጓደኛሞች አብረን እንድንቀመጥ ቀይሪን ቢሉዎት እሺም እምቢም ማለት የእርስዎ ነው። ስልክ ከተደወለ በፉርጎዎቹ መሃል ወዳለው በር ወጥተው ያነጋግሩ፤ በድምፅ ማጉያ ከአዲስ አበባ ጋር መጨዋወት ባቡሩ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የሚጠላው ነገር ነው፣ ማንም ባይናገርዎትም። መጸዳጃ ለመሄድ «ቮይሲትኮ ካትሶዋ ታቫሮይታኒ ሄትኬን?»፣ ዕቃዬን ለአፍታ ታይልኝ ይሆን?፣ ብሎ አጠገብ ያለውን መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል።

ካፌና የመጠበቂያ ክፍል ላይ ብዙ አንቆይም። ትርፍ ወንበር ከሰው ጠረጴዛ መውሰድ ሲፈልጉ «ቮይንኮ ኦታአ ታማን ቱኦሊን?» ይበሉ። ምሳ ቤት በሥራ ቀን ሲጨናነቅ የማያውቁት ሰው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ይቻላል፣ በ«ኦንኮ ታሳ ቫፓአታ?» ገብተው ማውራት ግን ግዴታ አይደለም፤ ሲጨርሱ ትሪዎን ራስዎ ወደ ዕቃ መመለሻው ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በተከፈተው የሄልሲንኪ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ኦዲ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ኮት ወይም ደብተር ባለቤቱ ይመለሳል ማለት ስለሆነ አያንሱት። ጤና ጣቢያ ውስጥ በተቻለ መጠን በመሃል አንድ ወንበር ዘለው ይቀመጡ። የወረፋ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ካለ ከመቀመጥዎ በፊት ይውሰዱ፤ ተቀምጦ የጠበቀ ሳይሆን ቁጥር የያዘ ነው የሚጠራው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። ከቆዳዬ ቀለም ይሆን? ባዶ ወንበር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ፊንላንዶች እርስ በርሳቸውም እንዲሁ ናቸውና። ነገር ግን ዘረኝነት የለም ብለን አንሸነግልዎትም። የአውሮፓ ኅብረት የመሠረታዊ መብቶች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት በ12 አገሮች የሚኖሩ አፍሪካዊ መሠረት ያላቸው ሰዎች ተጠይቀው፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ዘረኛ ትንኮሳ ደርሶብናል ያሉት በብዛት የተገኙት ፊንላንድ ውስጥ ነው፤ ከመቶ 63። ስለዚህ የሚያዩትን ይለዩ። ዝም ብሎ ራቅ ብሎ መቀመጥ ልማድ ነው። ሌላው ወንበር ሁሉ ተይዞ ሳለ ሰው ሁሉ እርስዎ ጋ ሲደርስ ብቻ ቆሞ መሄድ የሚመርጥ ከሆነና ይህ በየቀኑ የሚያዩት ከሆነ ስሜትዎ ከንቱ አይደለም። ቃል ከወጣ፣ ምልክት ከታየ ወይም መንገድ ከተዘጋብዎት ደግሞ ልማድ የሚባል ነገር የለም።

እንዲህ ሲሆን መልስ መመላለስ ውስጥ አይግቡ። «ያታ ሚኑት ራውሃአን»፣ ተወኝ፣ በሰላም ልቀመጥ፣ ብለው ጠንከር ባለ ድምፅ አንዴ ይናገሩና ወደ ሹፌሩ ወይም ሰው ወዳለበት ይሂዱ። እዚህ ላይ ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር አይደለም፤ ዝምተኛው ተሳፋሪ ሁሉ ቀና ብሎ ያያል፣ ምስክርም ያገኛሉ። አደጋ ካለ 112 ይደውሉ። የመስመሩን ቁጥር፣ አቅጣጫውንና ሰዓቱን ወዲያው ስልክዎ ላይ ይጻፉ፤ ለፖሊስም ሆነ ለትራንስፖርቱ ድርጅት ሲያመለክቱ በቅድሚያ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው። ሹፌሩ ወይም ጥበቃው ራሱ ቢያዳላብዎት አድልዎን የሚከታተል የመንግሥት እንባ ጠባቂ አለ፣ አቤቱታ ለማቅረብም ክፍያ የለውም።

ሳውናው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አውቶቡስ ውስጥ ቃል የማይተነፍሰው ሰው አግዳሚው ላይ ራቁቱን ተቀምጦ ስለ አየሩ፣ ስለ ወገቡ ሕመም፣ ስለ ልጆቹ ሊያጫውትዎት ይችላል። የፊንላንድ የሳውና ባህል እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሄልሲንኪ ካሊዮ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1928 የተከፈተው ኮቲሃርዩ ሳውና ዛሬም በእንጨት እየነደደ ሕዝብ ያስተናግዳል።

የዋና ቤቱ ሳውና የሴቶችና የወንዶች ለየብቻ ነው። መጀመሪያ ልብስ አውልቀው ገላዎን በሳሙና ይታጠባሉ። በዋና ቤቶች ሳውና ውስጥ የዋና ልብስ ብዙውን ጊዜ አይፈቀድም፣ ንጽሕናውና ገንዳው ውስጥ ያለው ክሎሪን ነው ምክንያቱ። ወንዶችና ሴቶች አብረው የሚገቡባቸው ሳውናዎች ላይ ግን በተቃራኒው የዋና ልብስ ብዙውን ጊዜ ግዴታ ነው፤ በር ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ። አግዳሚው ላይ በባዶ ገላ አይቀመጡም። «ፔፍሌቲ» የሚባል ትንሽ መቀመጫ ጨርቅ ወይም ወረቀት አለ፤ እሱን ወይም የራስዎን ትንሽ ፎጣ ከሥርዎ ያነጥፋሉ። ሌሎቹን ሥነ ሥርዓቶች ሁሉ ብትስቱ ይቅር ይሏችኋል፣ ይህን ግን አይረሱ።

አግዳሚዎቹ እንደ ደረጃ ናቸው። ሙቀቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ የላይኛው በጣም ይፋጃል፣ የታችኛው ይለዝባል። ለመጀመሪያ ቀን መካከለኛው ወይም የታችኛው ይበቃዎታል፤ 80 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላልና ላይ ወጥቶ ጀግንነት ማሳየት አያስፈልግም። በሩን ወዲያው ይዝጉ፣ ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባ ሰው ይወቀሳል። ሰው በሰው ላይ አይቀመጥም፣ ቢቻል የአንድ ሰው ስፋት ይተዉ። ከሞላ «ማህቱኡኮ ታሃን?»፣ እዚህ ሰው ይበቃል?፣ ይበሉ። «ማህቱኡ» ካሉዎት ይበቃል፤ ተጠጋግተው ቦታ ይለቃሉ። የእኛ «ጠጋ ጠጋ» የሚሠራው እዚህ ነው።

ውኃው ባልዲና ጭልፋ አጠገብ የተቀመጠ ሰው እጅ ነው። ድንጋዩ ላይ ሲረጭ የሚወጣው እንፋሎት «ሎይሉ» ይባላል። እርስዎ ከተቀመጡበት ሳይጠይቁ አይርጩ፤ «ሳአኮ ሄይታአ ሎይሉያ?»፣ እንፋሎት መጨመር ይቻላል?፣ ብለው አንድ ጭልፋ ብቻ ጨምረው ይጠብቁ። እንፋሎቱ እስኪወጣ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ አልተሰማኝም ብሎ ሁለተኛ የደገመ ሰው ሁሉንም ያስወጣል። ከበዛብዎት ዝም ብሎ መውጣት ነው፣ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም። ታጥበው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ደግሞ መመለስ ይቻላል። ጨርሰው ሲወጡ ከሥርዎ የነበረውን ጨርቅ ይዘው ይውጡ።

ራቁት መሆኑ ጨርሶ ካልሆነልዎት አለመግባትም ምርጫ ነው። ጓደኞችዎን «ሚና ኦዶታን ካህቪዮሳ»፣ እኔ ካፌው ውስጥ እጠብቃለሁ፣ ይበሏቸው፤ ብዙ ዋና ቤቶች ካፌ አላቸው። እነሱም «ሴልቫ» ብለው ይገባሉ፤ «በሞቴ ግቢ» የሚል አይኖርም።